ኔፋታፍል፦ ንጉሡ ሁልጊዜ ያመልጣል፤ ስህተቱ የት ነው?

የኡፕሳላው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ስዊድን፣ ኡፕሳላ ነው። ባለፈው ወር ከልጄ ጋር ሙዚየም ሄደን ነበር። መውጫው ላይ ካለው ሱቅ የቫይኪንጎች ጨዋታ ነው የተባለ ገበታ ገዛሁላት። ስሙ ኔፋታፍል ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ከበላን በኋላ ቴሌቪዥን አንከፍትም።

ገበታው 11 በ11 ነው። መሃል ላይ ንጉሡ ይቀመጣል። ዙሪያውን 12 ጠባቂዎች አሉት። በአራቱ ጠርዝ ደግሞ 24 አጥቂዎች ተደርድረዋል። ንጉሡ ለማምለጥ ይጫወታል፣ አጥቂዎቹ እሱን ለመያዝ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ በንጉሡ ወገን ሁልጊዜ የምትጫወተው እሷ ነች። 14 ጊዜ ተጫውተን 14ቱንም አሸነፈች። ጎበዝ ስለሆነች ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን ቦታ ተቀያየርን። በንጉሡ ወገን እኔ ሆንኩና ገና ሳንጀምር አሸነፍኩ ማለት ይቻላል። ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ ይሄ ጨዋታ ልክ አይደለም» አለችኝ።

አብሮት የመጣው ወረቀት የሚለው ይህን ነው፦ ንጉሡ የትኛውም ጠርዝ ላይ ከደረሰ ያሸንፋል። የሚያዘው ደግሞ በአራቱም ጎኑ ሲከበብ ብቻ ነው። በእርግጥ ጨዋታው እንዲህ ነው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱን።

ስምንት በስምንት (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡42)

እኔ የቼዝ ሰው ነኝ፣ ይህን ጨዋታ አላውቀውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። 24 ለ12 ተሰልፎ፣ ዓላማቸውም የተለያየ ሆኖ፣ እንዴት ነው ፍትሐዊ የሚሆነው? በቼዝ ሁለቱም ወገን እኩል ይጀምራል። የተሸነፈ ሰው የሚያማርርበት ነገር የለውም። እዚህ ግን አንዱ ወገን ሳይጀመር ያሸነፈ ይመስለኛል።

የቤርገን ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡25)

የኡፕሳላው፣ ልጅህ ትክክል ናት። የተሳሳተው ጨዋታው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ስህተቱም ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፤ ደግሞ ከምትኖርበት ከተማ ጋር ይያያዛል።

ቫይኪንጎች የጨዋታውን ሕግ ጽፈው አልተዉልንም። ገበታዎች ተቆፍረው ወጥተዋል፣ ከአጥንትና ከመስታወት የተሠሩ ጠጠሮች ከመቃብር ተገኝተዋል፣ በድሮ ትረካዎቻቸውም ስሙ ይነሳል። ሕጉ ግን ተሟልቶ የትም የለም። ቆይቶ ቼዝ ወደ ሰሜን መጣና ቦታውን ወሰደው። ጨዋታው የተረፈው ሩቅ ቦታ፣ በስካንዲኔቪያ ሰሜን በሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ በሳሚዎች ዘንድ ነው።

በ1732 ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ ከኡፕሳላ ተነስቶ ወደ ሳሚዎች አገር፣ ወደ ላፕላንድ ሄደ። ወጣት ነበር፣ የሄደውም ዕፅዋት ሊመዘግብ ነው። እግረ መንገዱን ሳሚዎች ታብሉት የሚሉትን ጨዋታ ሲጫወቱ አየ። ገበታውን ሣለው፣ ሕጉንም በላቲን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። 9 በ9 ነው፤ አንድ ንጉሥ፣ 8 ጠባቂ፣ 16 አጥቂ። ጠባቂዎቹን ስዊድኖች፣ አጥቂዎቹን ሞስኮቦች (ሩሲያውያን) ይላቸዋል። ንጉሡ የሚያመልጠው ወደ ጠርዝ ነው፣ ልክ ወረቀትህ እንደሚለው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ሊኔየስ አንድ ጠጠር በሁለት ጠላት መሃል ከተያዘ ይበላል ካለ በኋላ «ንጉሡም እንዲሁ» ብሎ ጨመረ። በ1811 ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ሲታተም ያቺ ሐረግ «ከንጉሡ በስተቀር» ሆና ወጣች። ሁለት ቃል ናት። ግን ተገለበጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋታው የጻፉ ሰዎች ያንን የእንግሊዝኛ ትርጉም ይዘው ሄዱ። ንጉሡ በየትም ቦታ አራት ጠላት ካልከበበው አይያዝም ተባለ። ጠርዝ በደረሰ ቁጥር የሚያሸንፍ፣ አራት ሰው ካልያዘው የማይያዝ ንጉሥ ማን ሊያስቆመው ይችላል? እናንተ ቤት ገበታ ላይ 14 ጊዜ የታየው እሱ ነው።

በሊኔየስ ሕግ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ፣ ማለትም የገበታው መሃል ቤት ላይ፣ እያለ አራት ያስፈልጋል። ከዙፋኑ አጠገብ ከሆነ ሦስት ይበቃል። ከዚያ ከወጣ እንደማንኛውም ጠጠር በሁለት ይያዛል። ስለዚህ ሲሸሽ ይፈራል። ጨዋታው ነፍስ የሚዘራው እዚያ ላይ ነው።

የኡፕሳላው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡51)

ወንድሜ፣ ይህን ለልጄ ሳነብላት ከወንበሯ ተነሳች። ሊኔየስን በትምህርት ቤት ተምራዋለች፣ የአትክልት ቦታውን በየሳምንቱ ነው የምናልፍበት። እናመሰግናለን።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የእኛ 11 በ11 ነው። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ምልክት ተቀርጿል። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ምንድን ናቸው?

ደብሊን ያለሁት (እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡05)

ስለ ማዕዘኖቹ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። እዚህ ደብሊን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ባሊንደሪ ከሚባል ቦታ የተገኘ የእንጨት ገበታ አለ። የተገኘው በ1932 ነው፤ ዕድሜው ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይጠጋል። ትንሽ ነው፣ 7 በ7። በመስመር ፋንታ ቀዳዳዎች አሉት፣ ጠጠሮቹ እንደ ችካል የሚሰኩ ነበሩ ማለት ነው። በሁለት በኩል እንደ ራስ ሆኖ የተጠረበ እጀታ አለው። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ በክብ ተከብቧል። አራቱ ማዕዘኖችም ለብቻቸው ምልክት አላቸው።

መስታወቱ ፊት ብዙ ቆምኩ። የሠራው ሰው ማዕዘኖቹን በምክንያት ነው የለያቸው ብዬ አምናለሁ። ንጉሡ ወደ ጠርዝ ብቻ ሳይሆን ወደ ማዕዘን የሚያመልጥበት አጨዋወትም ጥንት የነበረ ይመስለኛል። የእርስዎም ገበታ የተሠራው ለዚያ ነው።

የቤርገን ልጅ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡30)

እህቴ በትክክል አስቀምጣዋለች። ሱቁ የማዕዘን ገበታ ሸጦ የጠርዝ ወረቀት ነው ያስገባበት። በእናንተ ገበታ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጫወትበት የኮፐንሃገን ሕግ የሚባለው ነው። ከባዶ ልንገራችሁ፣ ከልጅህ ጋር አንብቡት።

አጥቂዎች ይጀምራሉ። ሁሉም ጠጠር፣ ንጉሡም ጭምር፣ በቼዝ ሩክ እንደሚሄደው ይሄዳል። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን፣ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ የፈለገውን ያህል። በሰያፍ መሄድ የለም፣ መዝለልም የለም። ዙፋኑ ላይና ማዕዘኖቹ ላይ የሚያርፈው ንጉሡ ብቻ ነው። ባዶ ዙፋን ላይ አልፎ መሄድ ግን ለሁሉም ይፈቀዳል።

የጠላትን ጠጠር የምትበላው በሁለት ጠጠርህ መሃል ስታስገባው ነው፣ ግራና ቀኝ ወይም ፊትና ኋላ። ማዕዘኑ ራሱ እንደ ጠላት ይቆጠራል። ማዕዘን አጠገብ የቆመን ጠጠር በሌላው በኩል አንድ ሰው ብቻ ከመጣበት ይበላል። ባዶ ዙፋንም እንደዚያው ነው። ንጉሡም የጠላት ጠጠር መብላት ይችላል፣ ቁጭ ብሎ የሚጠበቅ ብቻ አይደለም።

ንጉሡ ማዕዘን ከደረሰ አሸነፈ። አጥቂዎች የሚያሸንፉት ንጉሡን በአራቱም ጎን ከያዙት፣ ወይም ከዙፋኑ አጠገብ ቆሞ በሦስቱ በኩል ከያዙት ነው። እዚህ ማምለጫው ማዕዘን ብቻ ስለሆነ አራት መጠየቁ ጨዋታውን አያበላሸውም። ጠርዝ ላይ ቆሞ ሳለ አይያዝም። ሌላም የማሸነፊያ መንገድ አላቸው፦ ንጉሡንና የቀሩትን ጠባቂዎች በሙሉ አንድም ክፍተት በሌለው ቀለበት ከከበቡ ጨዋታው አለቀ። አንዱን አቀማመጥ ደጋግሞ ጊዜ መግደል አይፈቀድም።

ስምንት በስምንት፣ የጠየቅከው ጥሩ ጥያቄ ነው። የቁጥሩ ልዩነት በዓላማው ይካካሳል። 24ቱ ብዙ ናቸው ግን አራት በር መጠበቅ አለባቸው። 12ቱ ጥቂት ናቸው ግን አንድ በር ካገኙ ይበቃቸዋል። እኛ ሁልጊዜ ሁለት ዙር ነው የምንጫወተው፣ ቦታ እየተቀያየርን። ያኔ ማንም አያማርርም።

የድሮ ዳማ ተጫዋች (እሑድ፣ ከቀኑ 8፡15)

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ አዲስ አበባ። ከትናንት ጀምሮ ስከታተላችሁ ቆይቼ ዛሬ ጠዋት አላስቻለኝም። ካርቶን ቆርጬ 7 በ7 አሰመርኩ። ትንሿን የመረጥኩት ለመማር ትቀላለች ብዬ ነው። ለጠጠር ቆርኪ ሰበሰብኩ። ዳማ ላይ እንደምናደርገው፣ አንዱ ወገን የተገለበጠ፣ ሌላው የተደፋ። 8 አጥቂ፣ 4 ጠባቂ። ለንጉሡ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን አደረግሁ፣ ከፍ ብሎ ይታያል። ከጎረቤቴ ጋር አምስት ጊዜ ተጫወትን። እሱ ሦስት፣ እኔ ሁለት። አንድ ሳንቲም አላወጣንም።

ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እኔ ራሴ ሄጄ በሁለት ጠላት መሃል ብገባ እበላለሁ ወይ? በዚህ ላይ ተከራከርን።

ሁለተኛው ለቼዝ ተጫዋቹ ነው። ሁሉም ነገር እኩልና ተራ በተራ መሆን አለበት ብለህ አታስብ። በእኛ በድሮው ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ያም ትልቅ ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ ጦርነት በሚያውቀው መንገድ ነው ገበታውን የሚሠራው።

የቤርገን ልጅ (እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00)

ጋሼ፣ አይበሉም። በራስዎ ተራ መሃል ከገቡ ሰላም ነዎት። የሚበላው ጠላት መጥቶ ሲዘጋበት ብቻ ነው። ከጎረቤትዎ ጋር የተከራከሩበት ነገር ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። አንዴ ከገባዎት ደግሞ ይጠቀሙበታል። ንጉሡ በሁለት አጥቂ መሃል ሰርስሮ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል።

በቆርኪ መጫወትዎ ደግሞ በጣም ነው ደስ ያለኝ። 7 በ7 ላይ አየርላንዶች ብራንዱብ የሚሉት ነው። ደብሊን ያለችው እህታችን ያየችው ገበታም በዚያ መጠን ነው።

ደብሊን ያለሁት (እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20)

ጋሼ እንቆቅልሽ ይወዳሉ ብዬ ገመትኩ። በአንድ የድሮ የአይስላንድ ትረካ ውስጥ እንቆቅልሽ የሚጠያየቁ ሰዎች አሉ። አንዱ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ በጌታቸው ዙሪያ ያለ መሣሪያ የሚዋጉ፣ ግማሾቹ ሁልጊዜ የሚከልሉት፣ ግማሾቹ ሁልጊዜ የሚያጠቁት፣ እነዚያ ሴቶች እነማን ናቸው? መልሱ ኔፋታፍል ነው። ስሙም ያምራል። ኔፊ ማለት ጡጫ ነው፤ ንጉሡን ጠጠር የሚጠሩበት ስም ነው። ታፍል ደግሞ ገበታ።

የድሮ ዳማ ተጫዋች (እሑድ፣ ከቀኑ 9፡34)

እንዴት ያለ እንቆቅልሽ ነው! አገር ሰጥቼ ነበር የምሰማው። ተባረኪ።

ስምንት በስምንት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስጫወተው ቆየሁ፣ በአብዛኛው አጥቂ ሆኜ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ላይ የቼዝ ልማዴ ጎዳኝ። ጠጠር ለመብላት እሮጣለሁ። አንድ ጠባቂ በበላሁ ቁጥር አንድ አጥቂ ከቦታው ይነሳል፣ በዚያ ክፍተት ንጉሡ ይወጣል። አጥቂ ሥራው መብላት አይደለም፣ መዝጋት ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ተሸነፍኩ።

ከዚያ ማዕዘኖቹን አጠናሁ። አንድን ማዕዘን ሦስት ጠጠር ይዘጋዋል። ማዕዘኑን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። በሁለቱም ጠርዝ ሦስተኛው ቤት ላይ አንድ አንድ አስቀምጡ። ሦስተኛዋን ማዕዘኑን በሰያፍ የምትነካው ቤት ላይ። የሚገርመው እነዚህ ሦስቱ ሊበሉ አይችሉም። እነሱን ለመብላት ጠላት ከኋላቸው መግባት አለበት፤ ከኋላቸው የሚያስገባ መንገድ ደግሞ የለም። 12 ጠጠር አራቱንም ማዕዘን ይቆልፋል። ሁሉም ከመነሻቸው በአንድ መሄጃ ቦታቸው ይደርሳሉ፣ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ።

የቤርገን ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15)

ቁጥሩ ልክ ነው። ግን በዚህ አልስማማም። 12 መሄጃ ስትጨርስ ጠባቂዎቹም 12 መሄጃ ሄደዋል። ዝም ብለው አይጠብቁህም። ያስቀመጥካቸው 12 ደግሞ ከዚያ በኋላ አይነቃነቁም። በቀሩት 12 ሰፊ ሜዳ ላይ ንጉሡን መክበብ በጣም ከባድ ነው። ማዕዘኖቹን ሁሉ ቆልፈህ ንጉሡን ሳትይዝ ስትዞር ታመሻለህ። አንድ ሁለት አጥቂ ከተበላብህ ደግሞ ቀለበቱ አይሞላም።

እኔ በሰያፍ ያለችውን አንዷን ብቻ ቀድሜ አስቀምጣለሁ። የቀሩትን ሁለት የምጨምረው ንጉሡ ወደዚያ ማዕዘን ማዘንበል ሲጀምር ነው። ሌላው ጦር ሁሉ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱን ሰፋ አድርጌ እጀምርና ቀስ በቀስ አጠበዋለሁ። በጣም የምጠነቀቀው ለባዶ ጠርዝ ነው። ንጉሡ ባዶ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ግራና ቀኙ ክፍት ከሆነ አለቀ። አንዱን ማዕዘን ስትዘጋ በሌላው ይሄዳል።

ሳሚዎች ለዚህ ቃል አላቸው፣ ሊኔየስ ጽፎታል። ንጉሡ አንድ ክፍት መንገድ ሲያገኝ ተጫዋቹ «ራይቺ» ይላል፣ በቼዝ ቼክ እንደምትለው። ሁለት መንገድ ካገኘ «ቱይቹ» ይላል። ቱይቹ ከተባለ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ለጠባቂዎች የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ንጉሡን ቶሎ አታውጡት። መጀመሪያ ጠባቂዎቹ ወጥተው ቀለበቱ እንዳይሠራ ያደናቅፉ። አንድ ጠባቂ ሰጥቶ አንድ አጥቂ መብላት ለንጉሡ ወገን ጥቅም ነው፤ ለመክበብ ብዙ ሰው ያስፈልጋልና።

ስምንት በስምንት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48)

ዛሬ ማታ በአንተ መንገድ ሞከርኩት። አራት አጥቂ በሰያፍ ቤቶቹ ላይ፣ ሌላው ቀለበት። በመጀመሪያው ተሸነፍኩ፣ በሁለተኛው ያዝኩት። ሰያፏ ብቻዋን ስትሆን ትበላለች፣ እሱን ልብ በል። ቢሆንም መንገዱ የተሻለ ነው።

የኡፕሳላው (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ወገኖቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ በማዕዘን ሕግ ተጫወትን። ከዘጠኝ ጨዋታ እኔ አጥቂ ሆኜ አራቱን አሸነፍኩ። የመጀመሪያው በከበባ ነበር። ንጉሡን አልነካሁትም፣ ሁሉንም በቀለበት ዘጋኋቸው። ልጄ ክፍተት እየፈለገች ጣቷን በገበታው ዙሪያ ስታዞር ቆየች። ከዚያ «አሁን ልክ ነው» አለች። አሁን ከክፍሏ ልጆች ሁለቱን አስተምራለች። «ራይቺ!» ስትል ጎረቤት ይሰማል።

ዛሬ ግን አዲስ ነገር ገጠመን። ንጉሡን ጠርዝ ላይ አቆመችው፣ ከማዕዘን ራቅ አድርጋ። አጠገቡ አንድ ባዶ ቤት አለ። ከግራና ከቀኝ ጠርዙ ላይ አንድ አንድ ጠባቂ ዘግቷል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ጠባቂዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ንጉሡ በሁለቱ ቤቶች መካከል ወዲህ ወዲያ ይላል። እኔ በየትም በኩል ብመጣ አንዱንም መብላት አልቻልኩም። እኔ አቻ ነው አልኩ። እሷ አሸንፌአለሁ ትላለች። እስካሁን አልተኛችም።

የቤርገን ልጅ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡20)

አሸንፋለች። በኮፐንሃገን ሕግ ይህ የጠርዝ ምሽግ ይባላል። ንጉሡ ጠርዝ ላይ ሆኖ፣ መንቀሳቀሻ ቤት ኖሮት፣ አጥቂዎች ሊሰብሩት በማይችሉት ምሽግ ውስጥ ከሆነ ጨዋታው የእሱ ነው። የገለጽከውን አቀማመጥ ገበታዬ ላይ ደርድሬ አየሁት። አራቱም ጠባቂዎች አይበሉም።

አጥቂም በጠርዝ ላይ የራሱ መሣሪያ እንዳለው ግን እወቅ፣ የጋሻ ግድግዳ ይባላል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የጠላት ጠጠሮች ጠርዝ ላይ ተደርድረው ከሆነ፣ እያንዳንዳቸውን ከፊት ከዘጋህና ሁለቱን ጫፍ ከያዝክ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትበላለህ። ንጉሡ መሃላቸው ካለ እሱ አይበላም። የልጅህ ምሽግ ላይ ግን አይሠራም፤ ከፊት ያሉት ቤቶች በራሷ ሰዎች ተይዘዋል።

የኡፕሳላው (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡31)

ነገርኳት። ምሽጉን ራሷ እንደፈጠረችው ነበር የመሰላት። ስም እንዳለው ስትሰማ ደብተሯን አምጥታ ሣለችው፣ ከታችም የዛሬን ቀን ጻፈችበት። የጋሻ ግድግዳውን ነገ ጠዋት እናየዋለን።